ሾፌር አልባው መኪና ጣርማ በርን ሲወርድ

‹‹ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና ተሠራ›› የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው መልስ ያው ነው። ‹‹እስቲ መገናኛ ላይ ይሞክረው!›› ይባላል፤ ይሳቃል፤ ወሬውም እዚያው ያበቃል። እኛ ዛሬ ቀልዱን አናበላሽም፤ ትንሽ ራቅ አድርገን እንወስደዋለን እንጂ። መኪናውን ደብረ ብርሃንን እናሳልፈዋለን፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ እንከተዋለን፤ በዋሻው አሾልከን በደብረ ሲና ቁልቁል እንለቀዋለን፤ በመጨረሻም ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ ከግመል ጋር እናፋጥጠዋለን።

ያን ጊዜ መኪናው ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ መመለስ ይኖርበታል። ከፊቴ ያለው ምንድን ነው? ስንትስ ይርቃል? የመጀመሪያውን ካሜራ፣ ሁለተኛውን የርቀት መለኪያ ይመልሱለታል። ሁለቱ ምስክሮች ባይስማሙ ግን ማንን ይመን? ሦስተኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ የዛሬው ጨዋታችንም እሱ ነው። ጥያቄው ትናንት ከካሊፎርኒያ የመጣ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የይፋት ቆላ መንገደኛ መኪና ሳይታሰብ፣ አስፋልትም ሳይነጠፍ ሲጠይቀው ኖሯል። ታሪኩን ከዚያ እንጀምር።

ከጉም ወደ ግመል

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጣርማ በር ላይ ይደርሳል። እዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የተፈለፈለ፣ ብዙ ሰው ዛሬም ‹‹የሙሶሊኒ ዋሻ›› የሚለው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ አለ። ከዋሻው ወዲያ ምድሩ ይገለበጣል። በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከገብስ ወደ ማንጎ፣ ከበግ ወደ ግመል ይወረዳል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ መንገደኛውን ትቀበላለች።

አዲስ አበባ ሸዋ ሮቢትን የሚያውቃት በአብዛኛው በወህኒ ቤቷ ነው። እሷ ግን ከሁሉ በፊት የመንገድ ከተማ ናት። በስተሰሜን ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ከሚሴ ተከታትለው ይመጣሉ። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ በገበያ ቀን በዚሁ አስፋልት ላይ ይገናኛል። ጎን ለጎን ደግሞ ሲኖትራክ፣ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ የአህያ ጋሪ፣ የከብት መንጋና የግመል ቅፍለት ይጓዛሉ። መንገዱ የመኪና ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ይህን መንገድ አልሄደበትም ማለት ነው።

መሪና ቅፍለት

ይፋት ስሙ በታሪክ የገነነው ራሱ በመንገድ ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የይፋት ሱልጣኔት ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መስመር ይዞ ነበር። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ያጠኗቸው የኖራ፣ የአስበሪ፣ የመሳልና የራሳ ጉባ የድንጋይ መስጊዶችና ፍርስራሾች የዚያ ዘመን ከተሞች ቅሪት ናቸው። የተሠሩትም ደጋና ቆላ በሚገናኙበት፣ ቅፍለት ሊያልፍ ግድ በሚሆንበት ተረተር ላይ ነው።

የሲራራ ነጋዴ ካርታ አልነበረውም። የነበሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ዓይን ነው፤ ያ ተራራ፣ ያ ግራር፣ ያ ጉድጓድ። ሁለተኛው የቀን ጉዞ ነው፤ ‹‹ከዚህ እስከ ውኃው ሁለት ቀን ያስኬዳል››። ሁለቱም ብቻቸውን ሰው ይገድላሉ። ዓይን ብቻ የሚያምን መንገደኛ በቆላ ጥራት ውስጥ ተራራው ቅርብ መስሎት ውኃውን ቶሎ ይጨርሳል። ቀን ብቻ የሚቆጥር ደግሞ ግመሎቹ የደከሙ ዕለት ከጉድጓዱ ግማሽ ቀን ርቆ ‹‹ደርሻለሁ›› ይላል። ስለዚህ ማንም ቅፍለት ያለ መንገድ መሪ አይንቀሳቀስም ነበር። መሪው ዓይን የነገረውንና እግር የቆጠረውን እያመዛዘነ፣ ሲጣሉበት ደግሞ ‹‹እንቁም፣ እናጣራ›› የሚል ሰው ነው።

አማርኛችን ይህን ታሪክ በአንድ ቃል ይዞታል። ቅፍለቱን የሚያስኬደውን ሰው ‹‹መሪ›› እንላለን፤ ሾፌሩ የሚይዘውን ክብ ነገርም ‹‹መሪ›› እንላለን። ዛሬ በዓለም ላይ የሚደከምበት ሥራ ሁለተኛው መሪ እንደ መጀመሪያው እንዲያስብ ማድረግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ ከሕንድ ተልኮ ከታጁራ ወደ አንኮበር፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ የዘመኑን መሣሪያ ሁሉ ይዞ ነበር። የተልዕኮው ሐኪም ዶክተር ኪርክ የመንገዱን ዘገባ በ1842 በለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ላይ አውጥቶታል። የዘመኑ ተጓዥ መንገድ የሚለካበት ስልት እንዲህ ነበር፦ ኮምፓስ አቅጣጫውን ይናገራል፤ ሰዓት ጉዞው የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል፤ የተጫነ ግመል በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ተብሎ ይባዛል። በየቀኑ ትንሽ ስሕተት ይጠራቀማል። ማታ ማታ ኮከብ ተለክቶ የተጠራቀመው ስሕተት ይታረማል። ቁጥሩ ኮከቡን፣ ኮከቡ ቁጥሩን ይጠብቃሉ ማለት ነው። ያም ሆኖ በአሳል ሐይቅ አካባቢ ጥም ሊፈጃቸው በደረሰ ጊዜም ሆነ እስከ ፋሬና አልዩ አምባ በተደረገው ጉዞ ውኃ የት እንዳለ የሚያውቁት መሣሪያዎቹ አልነበሩም። የሚያውቁት የአፋር መሪዎች ነበሩ።

ፎቶግራፍ የማይናገረው

በዚያው ዘመን ሌላ እንግዳ ደግሞ በሰሜን ይዞር ነበር፤ አንቷን ዳባዲ። ከተራራ ተራራ እየወጣ በቴዎዶላይት አቅጣጫ ሲለካ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ‹‹የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ›› ብሎ አሳተመ። የእሱን መሣሪያ የጠቀስነው ለአንድ ምክንያት ነው። ቴዎዶላይት ማዕዘን ይለካል እንጂ ርቀት አይለካም። ‹‹ያ ጫፍ በዚህ በኩል ነው›› ይላል፤ ‹‹ይህን ያህል ይርቃል›› አይልም። ርቀቱን ለማወቅ ከሌላ ቦታ ደግሞ ማየት፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውንም ርዝመት በሌላ መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ካሜራም በሙያው ከዚሁ ዘመድ ነው። ፎቶግራፍ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ አቅጣጫ ነው። ቅርብ ያለ ጥጃና ሩቅ ያለ በሬ ፊልም ላይ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮ–አሜሪካ የካርታ ሥራ ሚሲዮን አገራችንን ከአውሮፕላን ፎቶ ሲያነሳ ይህን ችግር ያውቀው ነበር። የአየር ፎቶው ካርታ የሚሆነው መሬት ላይ በትክክል በተለኩ ነጥቦች ሲታሰር ብቻ ነው። ያ ዘመን ደግሞ የርቀት ልኬት የተለወጠበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ዋድሊ የፈለሰፈው ቴሉሮሜትር የሬዲዮ ሞገድ ከተራራ ተራራ ልኮ የሄደበትንና የተመለሰበትን ጊዜ በመቁጠር አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትሮችን በሴንቲሜትሮች ስሕተት ይለካ ነበር። ካሜራው መልኩን ሰጠ፤ ሞገዱ ርቀቱን ሰጠ፤ ካርታው ከሁለቱ ተወለደ።

ሦስተኛውን እንዳንረሳ። የቦታ ስም ከአየር አይነበብም። ወንዙ ማን እንደሚባል፣ ክረምት ላይ ይሻገሩት እንደሆነ፣ ያ መንገድ ለበቅሎ ነው ወይስ ለግመል የሚለውን የሚናገረው የአገሩ ሰው ነው። የመሪዎቹ ስም ካርታው ላይ የለም፤ እውቀታቸው ግን አለ።

ሁለት ምንጭ

እኛ የተማርነው ሙያ አንድ ሕግ አለው፤ ዜናን በአንድ ምንጭ አታውጣ። ሕጉ ሁለተኛ ክፍልም አለው፤ ሁለቱ ምንጮችህ ከአንድ ጉድጓድ የቀዱ ከሆነ አንድ ናቸው። ሁለት ሰዎች ያንኑ የካፌ ወሬ ቢነግሩህ ሁለት ምንጭ የለህም፤ አንድ ወሬና ሁለት አፍ ነው ያለህ።

የመኪናውም ጉዳይ ይኸው ነው። አንድ ካሜራ ጉም ላይ ቢሳሳት ሁለተኛውም ካሜራ እዚያው ይሳሳታል፤ ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ብርሃን ነውና። የተለየ ምንጭ የሚሆነው በተለየ ምክንያት የሚሳሳት መሣሪያ ነው። ላይዳር የሚባለው የጨረር ርቀት መለኪያ የራሱን ብርሃን ይተኩሳል፤ ጨረሩ 30 ሜትር ላይ ካለ ነገር ነጥሮ ሲመለስ ከሰከንድ አምስት ሚሊዮንኛውን ክፍል ይፈጃል፤ መሣሪያው ያንን ቆጥሮ ርቀቱን ያወጣል። ለእሱ ቀንና ሌሊት፣ የዋሻው ጨለማና የዋሻው መውጫ ፀሐይ ብዙ ልዩነት የላቸውም። ነገር ግን የጣርማ በር ጉምና የቆላው አቧራ ጨረሩን ይበትኑበታል፤ አቧራን ግድግዳ አድርጎ ሊያይም ይችላል። ራዳር ጉምንም አቧራንም አልፎ ይሄዳል፤ የሚያየው ነገር ግን ደብዛዛ ነው፤ ቆሞ ያለን ነገር ከመንገዱ ዳር ብረት ለመለየት ይቸገራል። ካሜራ ቀለምንና ምልክትን ይለያል፤ ጨለማ ግን ያሸንፈዋል።

እነዚህን ምስክሮች የማስታረቂያው ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ1960 በሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ በኖረው ሩዶልፍ ካልማን ተጻፈ። ሐሳቡን ያለ ቀመር ብንናገረው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱን ምስክር በሚታመንበት መጠን ስማው፤ ከሁሉ ይልቅ ራስህ ምን ያህል እርግጠኛ እንዳልሆንክ ቁጠር። የአፖሎ ጠፈርተኞች ወደ ጨረቃ ሲጓዙ መንገዳቸው በዚህ ሒሳብ ተመርቷል። የቅፍለቱ መሪ ‹‹ግመሎቹ ዛሬ ደክመዋል፤ የቀን ቆጠራውን ብዙ አትመኑት›› ሲል የሚሠራው ይህንኑ ነበር።

ይህ ሁሉ ረቂቅ ለሚመስለው አንባቢ ቀላሉ ምሳሌ የጭነት መኪናችን ነው። ሾፌሩ ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ሲመለስ ረዳቱ ይወርዳል። ‹‹ና! ና! ና! … በቃ ያዘው!›› ሾፌሩ በመስታወት ያያል፤ ረዳቱ ርቀቱን ይናገራል። ሾፌሩ በመስታወቱ ‹‹ገና ነው›› ቢያይ እንኳ ረዳቱ ‹‹ያዘው!›› ካለ ፍሬን ይረግጣል። ለምን? መስታወት ርቀት እንደሚያታልል ሁለቱም ያውቃሉ።

አምስት ሰዓት ለሃያ ሜትር

ወደ ማሽኖቹ ታሪክ እንምጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1972 የተሠራው ‹‹ሼኪ›› የተባለው ሮቦት የቴሌቪዥን ካሜራም የርቀት መለኪያም ነበረው፤ ማዋሃዱ ከመጀመሪያው ታስቦበታል ማለት ነው። ሃንስ ሞራቬክ ደግሞ በስታንፎርድ በካሜራ ብቻ የሚሄድ ጋሪ ላይ ሠራ። ጋሪው እ.ኤ.አ. በ1979 ወንበር የተደረደረበትን 20 ሜትር ክፍል ሳይጋጭ ተሻገረ፤ የፈጀበት ጊዜ አምስት ሰዓት ያህል ነበር። ካሜራው ርቀትን ለማወቅ በየእርምጃው ቆሞ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ብዙ ፎቶ ማንሳት ነበረበት። ዳባዲ ከተራራ ተራራ እንደ ሄደው መሆኑ ነው።

ጀርመናዊው ኧርንስት ዲክማንስ የካሜራን ወገን ከፍ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1987 በካሜራ የሚነዳው መኪናው ባዶ አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ በ1995 ሌላው መኪናው ከሙኒክ ተነስቶ ዴንማርክ ደርሶ ሲመለስ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ፤ አብዛኛውን በራሱ። መንገዱ ግን የጀርመን ነበር፤ ነጭ መስመር የተሰመረበት፣ የታጠረ፣ እግረኛ የማይረግጠው።

የእኛን ቆላ የሚመስል መንገድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ በሞሃቬ በረሃ ሾፌር የሌላቸው መኪኖች ውድድር አዘጋጀ። 142 ማይል፣ ማለትም 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት እንደ ማለት። አንድም አልጨረሰ። ከሁሉ የራቀው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ መኪና 12 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ቆመ። በእኛ ሚዛን ከመሃል አዲስ አበባ ተነስቶ ገና ከተማዋን ሳይወጣ መቅረት ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ ጥቅምት 8 ቀን 2005 እ.ኤ.አ.፣ በዚያው በረሃ 212 ኪሎ ሜትር ተዘጋጀ። ከ23 መኪኖች አምስቱ ጨረሱ። አንደኛ የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ‹‹ስታንሊ›› በ6 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ገባና 2 ሚሊዮን ዶላር ተሸለመ። የቡድኑ መሪ ሴባስቲያን ትሩን ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ? የዚህ ጽሑፍ ሁሉ እምብርት እዚህ አለ።

ስታንሊ ጣሪያው ላይ አምስት የጨረር መለኪያዎች ነበሩት፤ በደንብ የሚያዩት ግን 25 ሜትር ገደማ ድረስ ነው። በፍጥነት ለሚሄድ መኪና ይህ አፍንጫ ሥር ነው። ካሜራው ሩቅ ያያል፤ ግን አቧራማው መሬት መንገድ ይሁን ገደል አያውቅም። ቡድኑ ሁለቱን መምህርና ተማሪ አደረጋቸው። ጨረሩ ቅርብ ያለውን መሬት ለክቶ ‹‹ይህ ለጥ ያለ ነው፤ ይኬድበታል›› ይላል። ካሜራው ያንን ቦታ አይቶ ቀለሙን ይማራል፤ ከዚያ ሩቅ ያለውን ተመሳሳይ ቀለም ይፈልጋል። አፈሩ ሲለወጥ ትምህርቱም እየታደሰ ይሄዳል። ሲስማሙ መኪናው ይፈጥናል። ካሜራው ሩቅ ላይ መንገዱን ሲጠራጠር መሪውን አይጠመዝዝም፤ ፍጥነቱን ብቻ ይቀንሳል፤ ጨረሩ ደርሶ በራሱ እስኪለካው ድረስ። የቅፍለቱ መሪ ‹‹እንቁም፣ እናጣራ›› ያለው ነገር በኮምፒውተር ተጻፈ ማለት ነው።

ሌላም አለ። መኪናው ሲንገጫገጭ ጨረሮቹ የሌለ እንቅፋት ያሳዩት ነበር። መሐንዲሶቹ እንደ ጻፉት ከሚኬድበት መሬት 12.6 በመቶው በስሕተት እንቅፋት ተብሎ ይቆጠር ነበር። አዲስ መሣሪያ አልገዙም። መኪናው የራሱን መንገጫገጭ እንዲጠረጥር፣ ሁለት ልኬቶች በጊዜ በተራራቁ መጠን ልዩነታቸውን እንዲያምን አይደለም እንዲጠራጠር አስተማሩት። ስሕተቱ ወደ 0.002 በመቶ ወረደ። ያሻሻለው ተጨማሪ ዓይን አልነበረም፤ በራስ ላይ ያለ ጥርጣሬ ነው።

አይቶ አለማየት

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ የደስታ ታሪክ በሆነ። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ጎረፈ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 የራሱን ሥራ ጀመረ፤ ከእሱ የወጣው ዌይሞ ከ2020 ጀምሮ በፊኒክስ ከተማ ሾፌር በሌለበት ታክሲ ሕዝብ እያሳፈረ ነው፤ ካሜራ፣ ላይዳርና ራዳር አብረው ይሠሩለታል። ቴስላ በተቃራኒው ከ2021 ጀምሮ ራዳሩን እያወጣ በካሜራ ብቻ መሄድን መረጠ። ‹‹ሰው በዓይኑ ብቻ ይነዳ የለ?›› የሚል ክርክር ነው። ክርክሩ ሞኝ አይደለም፤ ግን ረዳቱን የረሳ ይመስለናል።

ሁለት አጋጣሚዎች ከሸዋ ሮቢት ሲታዩ ሌላ ትርጉም አላቸው። አንደኛው የአውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የቮልቮ መሐንዲሶች በስዊድን በትልልቅ አጋዘኖች የተፈተነው የእንስሳ መለያቸው በካንጋሮ ግራ እንደ ተጋባ ተናገሩ። መሣሪያው ርቀትን የሚገምተው እንስሳው መሬት ላይ በቆመበት ነጥብ ነበር። ካንጋሮ ሲዘል እግሩ አየር ላይ ነው፤ ስለዚህ ሲዘል ሩቅ፣ ሲያርፍ ቅርብ መሰለ። መሣሪያው የተበላሸ አልነበረም፤ የማያውቀው አገር ሄዶ ነው። ግመልን አስቡት። ክብደቱ ያለው ከሾፌሩ መስታወት ትይዩ ነው፤ ከታች ያለው ቀጭን እግር ነው። ፓራውልት ላይ የተገጠመ መለኪያ እግሩን አይቶ ‹‹ትንሽ ነገር ነው›› ቢልስ?

ሁለተኛው ሞት ያለበት ነው። መጋቢት 18 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ማታ፣ አሪዞና ውስጥ በቴምፒ ከተማ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች አስፋልት የምታቋርጥን ሴት ገጭቶ ገደለ። ካሜራም ላይዳርም ራዳርም ነበረው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ ያገኘው አስደንጋጭ ነው። መሣሪያዎቹ ሴትዮዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ አስቀድመው አይተዋት ነበር። ማሽኑ ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ ‹‹ሌላ ነገር››፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ስም ለወጠላት። ስም በለወጠ ቁጥር የቀድሞ እርምጃዋን ይረሳል፤ ወዴት እንደምትሄድም መገመት ያቅተዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ ሥርዓቱ ሲነደፍ ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ የሚያቋርጥ እግረኛ ሊኖር ይችላል የሚለው አልታሰበም ነበር። መኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪም ዓይኗ መንገዱ ላይ አልነበረም።

ልብ በሉ፤ ዓይንም ርቀትም በቦታው ነበሩ። የጎደለው ሦስተኛው ነው። በመንገዱ ላይ ማን ሊኖር እንደሚችል የሚያውቅ መሪ ጠፋ።

ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?

ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ባለው መንገድ ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ የማያቋርጥ ማን ነው? በሰንበቴ የገበያ ቀን አስፋልቱ ራሱ የገበያው አካል ነው። በአሪዞናው ማሽን ዓይን የይፋት ሕዝብ በሙሉ ‹‹ሊኖር የማይችል›› ሰው ነው።

‹‹ያ መኪና እዚህ እስኪደርስ መቶ ዓመት ነው›› የምትሉ አትቸኩሉ። መኪናው በሙሉ ባይመጣም ዓይኖቹ መጥተዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከፊት መስታወታቸው ጀርባ ካሜራ፣ ከፓራውልታቸው ውስጥ ራዳር አላቸው፤ ይጮኻሉ፣ መስመር ያስይዛሉ፣ በራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ። የለመዱት ግን የሌላ አገር መንገድ ነው። ሾፌሩ ሲያምናቸው ዓይኑን ከመንገዱ ያነሳል። በአገራችን ደግሞ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ብዙው እግረኛ ነው። ጉዳዩ የቅንጦት ወሬ የማይሆነው ለዚህ ነው።

እኛ መሐንዲሶች አይደለንም፤ ታሪኩ የሚለውን ግን መናገር እንችላለን። ሃሪስም የአሜሪካ ካርታ ሠሪዎችም መሣሪያቸውን ይዘው ሲመጡ ሥራው የተሳካላቸው ከአገሩ ሰው እውቀት ጋር ሲገናኝ ነው። ያን ጊዜ መሪዎቻችን እውቀታቸውን ሰጡ፤ ካርታውን ግን ሌላ ሰው ይዞት ሄደ። ዛሬ የሚያስፈልገው እውቀት የግመል ቅፍለት፣ የባጃጅ፣ የጋሪ፣ ማሾ በጀርባዋ ያዘለች ሴት ምስልና ርቀት ነው፤ በጣርማ በር ጉም፣ በቆላው አቧራ፣ በቀንና በሌሊት የተለካ። ይህን ለመሰብሰብ ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም፤ መኪና፣ ካሜራ፣ አንድ የርቀት መለኪያ፣ ትዕግሥትና ያንን መንገድ ለሃያ ዓመት የነዳ ሾፌር ይበቃሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ሥራቸው ከውጭ የወረደ የውጭ ጎዳና ምስል ከሚጠቀሙ ይህን ቢጀምሩ የእኛ መንገድ ራሱ መምህር ይሆናቸዋል። መኪና አስገቢዎችን የሚቆጣጠረው አካልም ‹‹ፍሬኑ በራሱ ይይዛል›› የሚል መኪና ለግመልና ለከብት ይይዝ እንደሆነ መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው።

እስከዚያው ግን ጣርማ በርን የምትወርዱ ሾፌሮች፣ መኪናችሁ በጮኸ ጊዜ ስሙት፤ ዝም ባለ ጊዜ ግን አትመኑት። ሁለቱ ምስክሮች ሲጣሉ ደግሞ የድሮው መሪ የተናገረውና ስታንሊ በሞሃቬ የደገመው ምክር አንድ ነው፤ ቀስ በሉ።

ቸር መንገድ ይግጠመን።